የተደፈነ የግራሶ መግቢያ፦ በጣና ዙሪያ በሚሠሩ አሮጌ የእርሻ መሣሪያዎች ላይ የመደፈን ምክንያቶችና የአከፋፈት ቅደም ተከተል

አጭር መግለጫ

በአሮጌ ትራክተሮች፣ ማረሻዎችና መከስከሻዎች ላይ የግራሶ መግቢያ መደፈን ተራ የጋራዥ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ውጤቱ ግን ተራ አይደለም፤ ግራሶ ያልደረሰው ቡሽ ወይም ኩሽኔታ በአንድ የእርሻ ወቅት ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የመግቢያውን አሠራር፣ ግራሶ የሚደድርበትን ምክንያት፣ ውታፉ ያለበትን ቦታ መለያ ዘዴና ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ የአከፋፈት ቅደም ተከተል ያብራራል። ዋና ነጥቡ የሚከተለው ነው፦ መግቢያው ግራሶ መቀበሉ የሥራው ፍጻሜ አይደለም፤ ማረጋገጫው አሮጌው ግራሶ በወዲያኛው ጫፍ ተገፍቶ መውጣቱ ነው።

1. መግቢያ

ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ በኢትዮጵያ የእርሻ መካናይዜሽን ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ቴክኒሻኖችን ካሠለጠነባቸው ሙያዎች አንዱ አግሮ መካኒክስ ነበር። ኢንስቲትዩቱ በኋላ ከከተማው መምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቷል። በደርግ ዘመን ቤላሩስ የሚባሉት የሶቪየት ትራክተሮች ወደ አገር ውስጥ በብዛት ከመግባታቸውም በላይ በናዝሬት ይገጣጠሙ ነበር። በጎጃም ምድር እንደ አየሁና ብር ሸለቆ ያሉት የመንግሥት እርሻዎች የትራክተር እርሻ ቀደም ብሎ ከተለመደባቸው ስፍራዎች ይቆጠራሉ። ከዚያ ትውልድ የተረፉ መሣሪያዎችና በኋላ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡት ዛሬ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

የአካባቢው ጠባይ መሣሪያን ይፈትናል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የተዘረጋውና በሩዝ ምርቱ የሚታወቀው የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት ሲሆን፣ አፈሩ በአብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃልም። በመካከል ያለው ለእርሻ የሚመች ጊዜ አጭር ነው። ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ሁለተኛ ሰብል ለመዝራት ያሰበ ገበሬ በዚህ ጊዜ ትራክተር ቢሰበርበት የሚያጣው የሥራ ቀን ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱንም ያጣል። በመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተገነባው የቆጋ መስኖም መሬቱን በበጋ ጭምር ስለሚያሠራ መሣሪያ ጥላ ሥር አርፎ የሚጠገንበትን ጊዜ ያሳጥራል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ሥራ ግራሶ መስጠት ነው። ፓምፑ ሲገጠም ግራሶው ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ በጎን ከተጨመቀ፣ ረዳቱ መግቢያውን ጠራርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የታለፈው መግቢያ በሚቀጥለው ሳምንትም ይታለፋል። ስለዚህ የተደፈነ መግቢያ አንድ ጊዜ የደረሰ ብልሽት ሆኖ አይቀርም፤ በየዕለቱ እየከፋ የሚሄድ ነው።

2. የግራሶ መግቢያ አሠራር

በዛሬ መሣሪያዎች ላይ የሚታየው ባለ ክብ ራስ መግቢያ በኦስትሪያ ተወላጁ ኦስካር ዘርክ የተሠራ ሲሆን፣ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። በአሜሪካም በፈልሳፊው ስም ይጠራል። አካሉ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ የፓምፑ አፍ የሚነክሰው ራስ፣ በራሱ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ የብረት ኳስ፣ ኳሷን ከታች ወደ ላይ የምትገፋ ቀጭን ሞላ፣ እንዲሁም ወደ መሣሪያው አካል የሚጠመዘዝ ባለ ጥርስ እግር።

ፓምፑ ሲጫን የግራሶው ግፊት ኳሷን ወደ ታች ይገፋታል፤ ግራሶውም በጎኗ ያልፋል። ግፊቱ ሲቆም ሞላዋ ኳሷን ወደ ቦታዋ ትመልሳለች፤ መንገዱም ይዘጋል። ይህ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ሁለት አገልግሎት አለው፤ የገባው ግራሶ እንዳይመለስ፣ የውጩ አፈርና ውኃም እንዳይገባ ያደርጋል። ኳሷ በዝገት ወይም በደደረ ግራሶ ተይዛ ወደ ታች አልወርድ ካለች መግቢያው ተደፈነ ይባላል። ወርዳ ተመልሳ አልወጣ ካለች ደግሞ መግቢያው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ጉድለት ግራሶ ስለሚቀበል ማንም አያስተውለውም፤ አፈርና ውኃን ወደ ውስጥ በማስገባት ግን የመጀመሪያውን ይወልዳል።

ከመግቢያው ቀጥሎ በብረቱ አካል ውስጥ የተበሳ ጠባብ መተላለፊያ አለ። መተላለፊያው ግራሶውን ወደ ቡሹ ጎድጓዳ መስመር ወይም ወደ ኩሽኔታው ያደርሳል። ስለዚህ የግራሶ መንገድ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ መግቢያው፣ መተላለፊያውና ሰበቃ የሚካሄድበት ክፍተት። መደፈን በሦስቱም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ መድኃኒቱም እንደየቦታው ይለያያል።

3. ግራሶ ለምን ይደድራል?

ግራሶ ወፍራም ዘይት ብቻ አይደለም። አብዛኛው ክፍሉ መነሻ ዘይት ሲሆን፣ ይህን ዘይት እንደ ስፖንጅ አቅፎ የሚይዝ ማወፈሪያና ጥቂት ተጨማሪ ኬሚካሎች አሉበት። ማወፈሪያው በአብዛኛው የብረት ሳሙና ነው፤ የካልሲየም፣ የሶዲየም ወይም የሊቲየም። ሰበቃን የሚቀንሰው ዘይቱ ነው፤ ሳሙናው ዘይቱን በቦታው ይይዛል። ዘይቱ ሲያልቅ የሚቀረው ሳሙና ማለስለሱን ትቶ መንገድ ይዘጋል።

ዘይቱ የሚጠፋባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው መንጠባጠብ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ግራሶ ዘይቱን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሙቀት ሂደቱን ያፋጥናል። ሁለተኛው ኦክሲዴሽን ነው። ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ሙጫ መሰል ነገር ይሆናል። በቅባት ምህንድስና ዘንድ በተለመደው ግምት የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የኦክሲዴሽን ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። መሣሪያ በበጋ ፀሐይ ላይ ሲውል ብረቱ ከአየሩ ይልቅ እንደሚሞቅ ሲታሰብ፣ በጥላ ማቆም ብቻውን የግራሶን ዕድሜ እንደሚያራዝም ይገባል።

የግራሶ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በሶቪየት መሣሪያዎች ዘንድ የተለመደው ሶሊዶል የካልሲየም ግራሶ ነው። ውኃን በሚገባ ይቋቋማል፤ ነገር ግን የሳሙናው ቅንብር ራሱ በውስጡ ባለ ጥቂት ውኃ የተያያዘ ስለሆነ ከፍ ያለ ሙቀት አይችልም። ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ውኃውን ያጣል፤ ዘይቱና ሳሙናውም ይለያያሉ። የሶዲየም ግራሶ ሙቀትን የተሻለ ይችላል፤ በውኃ ግን ይታጠባል። በመሆኑም በጎርፍ ለሚጠልቅ የሩዝ ማሳ አይመችም። በዛሬው ገበያ የሚበዛው የሊቲየም ግራሶ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል፤ ውኃንም በመጠኑ ይቋቋማል።

ችግር የሚፈጠረው የተለያዩ ማወፈሪያዎች ሲደባለቁ ነው። የሊቲየምና የካልሲየም ግራሶዎች አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። የሊቲየም ግራሶ ግን ከሸክላ ወይም ከፖሊዩሪያ ማወፈሪያ ጋር ሲገናኝ ቅይጡ ቀጥኖ ሊፈስ ወይም ሊደድር ይችላል። የግራሶ ቀለም እዚህ ላይ አይረዳም፤ ቀይና ሰማያዊ የሚያደርገው ማቅለሚያ እንጂ ማወፈሪያው አይደለምና። መታየት ያለበት በዕቃው ላይ የተጻፈው የማወፈሪያ ዓይነት ነው።

በእነዚህ ላይ አፈርና ውኃ ይጨመራሉ። የዋልካ አፈር ደቂቅ ቅንጣቶች ከግራሶ ጋር ሲደባለቁ ጭቃ መሰል ልቁጥ ይሆናሉ፤ ዘይቱ ሲጠፋ ልቁጡ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ውኃ ወደ መተላለፊያው ሲገባ ደግሞ ዝገት ይፈጠራል። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጠባቡን መንገድ ይበልጥ ያጠበዋል። በግዴለሽነት መግቢያው ላይ የተቀባ ቀለምም ኳሷን ከመቀመጫዋ ጋር ያጣብቃል።

4. ውታፉ የት እንዳለ መለየት

መዶሻ ከማንሣት በፊት ውታፉ የት እንዳለ ማወቅ ይገባል። የሚከተሉት አራት ፍተሻዎች ብዙ መሣሪያ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ፓምፑን መፈተሽ ነው። በማንም መሣሪያ ላይ ያልተገጠመ አዲስ መግቢያ በፓምፑ አፍ ላይ ይደረግና ይገፋል። ግራሶ በእግሩ በኩል ከወጣ ፓምፑ ደህና ነው። ካልወጣ ወይም በጎን ከተጨመቀ የፓምፑ አፍ ጥርሶች ተበልተዋል፣ አለዚያም በፓምፑ ውስጥ አየር አለ። ተደፍኗል ከሚባለው መግቢያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ጥፋቱ የፓምፑ ነው።

ሁለተኛው ኳሷን መንካት ነው። ራሱ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ኳሷ በቀጭን ጫፍ ባለው ብረት ቀስ ብላ ትጫናለች። ወደ ታች ወርዳ ከተመለሰች ቫልቩ ይሠራል፤ ውታፉ ከዚያ በታች ነው።

ሦስተኛው መግቢያውን ፈትቶ ሁለቱን ለየብቻ መሞከር ነው። የተፈታው መግቢያ ግራሶ ካሳለፈ ውታፉ በመተላለፊያው ውስጥ ነው። ካላሳለፈ መለወጡ ከማጽዳቱ ይልቅ ያዋጣል፤ መግቢያ ከሚጠብቀው ቡሽ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ትንሽ ነውና።

አራተኛው ጭነቱን ማንሣት ነው። የትራክተር የፊት አክስል ምሰሶ ፒን የመሳሰሉ ክፍሎች ክብደት ሲያርፍባቸው ፒኑ በአንድ ወገን ቡሹን ተጭኖ የግራሶ መስመሩን ይዘጋል። በክሪክ ከፍ ተደርጎ ክብደቱ ሲነሣ፣ ተደፍኗል የተባለው መንገድ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ግራሶ ሊቀበል ይችላል። በክሮቼራም እንዲሁ ዘንጉን እያዞሩ መሞከር ይረዳል።

5. የአከፋፈት ቅደም ተከተል

ፍተሻው ውታፉ በመተላለፊያው ውስጥ መሆኑን ካሳየ ሥራው ከቀላል ወደ ከባድ መሄድ አለበት። ምክንያቱን ቀላል ስሌት ያስረዳል። በክብ መተላለፊያ ውስጥ ያለን ውታፍ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ግፊት ከውታፉ ርዝመትና ከጥንካሬው ጋር ይጨምራል፤ ከመተላለፊያው ስፋት ጋር ይቀንሳል። በቀመር ሲገለጽ ግፊቱ የውታፉ የመሸርተት ጥንካሬ በአራት እጥፍ ርዝመቱ ተባዝቶ ለመተላለፊያው ዲያሜትር ሲካፈል ነው።

ለምሳሌ መተላለፊያው 4 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ውታፉ 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይኑራቸው። የሚያስፈልገው ግፊት የውታፉ ጥንካሬ 60 እጥፍ ይሆናል። ጥንካሬው 500 ፓስካል የሆነ ለስላሳ ግራሶ 0.3 ባር ብቻ ይበቃዋል። ጥንካሬው 0.5 ሜጋፓስካል የደረሰ የደደረ ውታፍ ግን 300 ባር ይጠይቃል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ውታፉን በጥቂቱ ማለስለስ ግፊትን ከመጨመር የበለጠ ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀነስ አስፈላጊው ግፊትም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በእጅ የሚደረስበትን ያህል ቆፍሮ ማውጣት ከንቱ ድካም አይደለም።

5.1 መቆፈር። መግቢያው ከተፈታ በኋላ የሚታየው ውታፍ በቀጭን ሽቦ ወይም በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ጫፍ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የመተላለፊያውን ግድግዳ ሊበላና የብረት ፍቅፋቂ ወደ ቡሹ ሊገፋ ስለሚችል አይመከርም።

5.2 መዘፍዘፍ። ክፍት በሆነው ቀዳዳ ሰርጎ ገብ ዘይት ወይም ናፍጣ ይጨመርና ከማታ እስከ ጠዋት ይተዋል። ፈሳሹ የቀረውን ዘይት ያቀጥናል፤ በውታፉና በግድግዳው መካከልም ሰርጎ ይገባል። ሳሙናውንና አፈሩን ሙሉ በሙሉ አያሟሟም፤ ማላላቱ ግን ይበቃል። ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም።

5.3 የፈላ ውኃ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሙቀት ግራሶን ለማላላት ይረዳል፤ የተለመዱ የጎማ ጎሚኒዎችን ግን አያቃጥልም። መገጣጠሚያው በጨርቅ ተጠቅልሎ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ብረቱ ቀስ በቀስ ይሞቃል። ቀዳዳው አስቀድሞ በአሮጌ መግቢያ መዘጋት አለበት፤ ውኃው ወደ ውስጥ ከገባ ዝገትን ይጋብዛልና። የመበየጃ ነበልባል ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፦ ጎሚኒን ያቀልጣል፣ የኩሽኔታን ጥንካሬ ያበላሻል፣ በተዘፈዘፈ ናፍጣም እሳት ያስነሣል። ሶሊዶል ባለበት መተላለፊያ ላይ ደግሞ ዘይቱን አስወጥቶ ደረቅ ሳሙና ስለሚያስቀር ውታፉን ሊያጠነክረው ይችላል። የፈላ ውኃም ቢሆን ከተጠቀሰው የሶሊዶል ወሰን ስለሚያልፍ፣ ሙቀቱ እንደተሰጠ ወዲያው መግፋት ያስፈልጋል።

5.4 በግፊት መግፋት። በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ብዙ ኃይል አለው። የፓምፑ ፒስተን 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 200 ኒውተን የእጅ ጉልበት በማንሻው ዘንግ አሥር እጥፍ ሲሆን 2,000 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም 400 ባር ግፊት ነው። ከላይ በምሳሌ የቀረበውን ውታፍ ለመግፋት ይበቃል።

ይህ ካልሠራ በመዶሻ የሚመታ መግፊያ አለ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ በቱቦ ውስጥ ዘይት ይሞላል፣ በላዩ ልክክ ያለ ዘንግ ይገባል፣ ከታች ያለው አፍ መግቢያውን ይነክሳል። የዘንጉ ራስ ሲመታ ግፊቱ በቅጽበት ወደ መተላለፊያው ይተላለፋል። ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ በሴኮንድ 4 ሜትር ፍጥነት መጥቶ በግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ቢቆም አማካይ ኃይሉ 4,000 ኒውተን ይሆናል። በ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ይህ 800 ባር ነው። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ግን አየሩ ስለሚጨመቅ ምቱ ይባክናል። ስለዚህ ዘይቱ እስከ አፉ መሞላት አለበት። መሣሪያውን በቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ግን ጠባብ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ መቺው እጅ ይመለሳል።

በተዘጋ ጎሚኒ በተጠበቀ ኩሽኔታ ላይ ይህ ዘዴ ጎሚኒውን ሊቀድ ስለሚችል አይመረጥም። ለፒንና ለቡሽ ግን የሚስማማ ነው።

5.5 መፍታት። ውታፉ ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተነቃነቀ ፒኑን አውጥቶ መተላለፊያውን ከሁለቱም ጫፍ ማጽዳት ይቀራል። ይህ እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም። ይህን ያህል የደደረ መንገድ ለረጅም ጊዜ ግራሶ አላሳለፈምና ቡሹን በዓይን ማየቱ በራሱ ያስፈልጋል።

6. የጥርስ ጉዳይ

አሮጌ መግቢያ ተለውጦ አዲስ ሲገጠም ሌላ ችግር ይመጣል። የሶቪየት ደረጃ ጎስት 19853-74 የሚያውቃቸው ጥርሶች ኤም 6 በ1፣ ኤም 10 በ1 እና ሾጣጣው አንድ ስምንተኛ ኢንች ናቸው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ልኬት በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ሩብ ኢንች ባለ 28 ጥርስና አንድ ስምንተኛ ኢንች ባለ 27 ጥርስ ይገኛሉ።

እነዚህ ልኬቶች ለዓይን እጅግ ይመሳሰላሉ። ኤም 10 በ1 የጥርሱ እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካው አንድ ስምንተኛ ኢንች 0.94 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጭ ዲያሜትራቸውም 10 እና 10.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኤም 6 በ1 ከሩብ ኢንቹ ጋር ሲነጻጸርም ዲያሜትሩ 6 እና 6.35፣ እርምጃው 1 እና 0.91 ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም የማይስማማው መግቢያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በእጅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ሲገደድ የቤቱን ጥርስ ይበላል። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ በግፊት ጊዜ መግቢያውን እንደ ጥይት ሊተፋ ይችላል። ቀላሉ ደንብ የሚከተለው ነው፦ መግቢያ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ዙር በጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ ልኬቱ ሌላ ነው።

ቀዳዳውን በብየዳ መድፈን በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የሚታይ መፍትሔ ነው። ይህ የግራሶን መንገድ ለዘለቄታው ይዘጋል፤ ፒኑንና ቡሹንም ለሰበቃ አሳልፎ ይሰጣል። የተበላ ጥርስ በሚቀጥለው ከፍ ያለ ልኬት እንደገና ተበስቶና ጥርስ ወጥቶለት ሊድን ይችላል።

7. ደኅንነት

ከላይ የተሰሉት ግፊቶች የሰውን ቆዳ ለመብሳት ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣሉ። ከፓምፕ አፍ ወይም ከተሰነጠቀ ቱቦ በቀጭኑ የሚወረወር ግራሶ ጣት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቁስሉ በመጀመሪያ መርፌ የወጋው ያህል ብቻ ይመስላል፤ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል። አደጋው የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው። ግራሶው በጅማት መስመር ውስጥ ተሰራጭቶ ሥጋውን ይገድላል፤ ሕክምናው በዘገየ መጠንም ጣትን ወይም እጅን እስከ ማጣት ያደርሳል። በዚህ መንገድ የተወጋ ሠራተኛ ሕመም ሳይጠብቅ በሰዓታት ውስጥ የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ይገኛሉ። ለሐኪሙም ቁስሉ ከግፊት መሣሪያ የመጣ መሆኑን በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንደ ተራ ጭረት ታጥቦ ሊሸኝ ይችላል።

ስለዚህ በግፊት ሥራ ጊዜ የፓምፑ አፍ በእጅ አይያዝም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያም ይደረጋል። በክሪክ የተነሣ መሣሪያ ጠንካራ ድጋፍ ሳይደረግለት ማንም ሥሩ አይገባም።

የወጣው አሮጌ ግራሶና ናፍጣም መሬት ላይ መጣል የለበትም። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር የማይበልጥ ይህ ሐይቅ በክረምት ጎርፍ ከማሳ የታጠበውን ሁሉ ይቀበላል። አሮጌው ግራሶ በቆርቆሮ ተጠራቅሞ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር መወገድ ይኖርበታል።

8. መንገዱ መከፈቱን ማረጋገጥ

መተላለፊያው ተከፍቶ ግራሶ መግባት ሲጀምር ብዙ ሠራተኞች ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጥራሉ። የገባው ግራሶ ግን ሰበቃ ወዳለበት ቦታ ሳይደርስ በተሰነጠቀ መተላለፊያ ወይም በላላ ጥርስ በኩል ሊወጣ ይችላል። ማረጋገጫው የሚገኘው በመውጫው ጫፍ ነው። በፒንና ቡሽ ላይ በመጀመሪያ ጥቁርና ደረቅ ግራሶ፣ ቀጥሎ በናፍጣ የቀጠነው፣ በመጨረሻም ንጹሑ በሁለቱም ጎን መውጣት አለበት። የቀጠነው ግራሶ ጭነት አይሸከምምና ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ መግፋት ይገባል።

በክሮቼራ ላይ ፍተሻው ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ መግቢያ አራት ክንዶችን ይመግባል፤ ግራሶ ደግሞ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ከሦስት ክዳኖች ወጥቶ ከአራተኛው ካልወጣ፣ ያ ክንድ ደረቅ ነው፤ ክሮቼራውም በዚያ በኩል ይሰበራል። ይህ ሲያጋጥም ዘንጉን እያዞሩ መግፋት፣ ካልሆነም የደረቀውን ክዳን ጥቂት አላልቶ ለግራሶው መንገድ መስጠት ያስፈልጋል።

9. ማጠቃለያ

የግራሶ መግቢያ መደፈን የሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ ዘይቱን ያጣ ግራሶ፣ ሰርጎ የገባ አፈርና ውኃ፣ እንዲሁም የመጀመሪያውን ምልክት አይቶ ማለፍ። ውታፉ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ መለየት፣ ከዚያም መቆፈር፣ መዘፍዘፍ፣ ማሞቅ፣ መግፋትና በመጨረሻ መፍታት፣ እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ሥራውን ያቀልለታል። በመዶሻ የሚጀምር ሰው ግን የውታፉን ጥንካሬም ሆነ ርዝመት ሳይቀንስ ሁሉንም በግፊት ለመፍታት ይሞክራል፤ በዚህም ጎሚኒን፣ ጥርስንና እጁን ለአደጋ ያጋልጣል።

መከላከሉ ከአከፋፈቱ ይረክሳል። መግቢያን ከመግፋት በፊትና በኋላ መጥረግ፣ በአንድ መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ማወፈሪያ ያለው ግራሶ ብቻ መጠቀም፣ ከጎርፍ ማሳ የወጣን መሣሪያ በዚያው ቀን ግራሶ መስጠት፣ የማይቀበለውን መግቢያ በቀለም ምልክት አድርጎ በመዝገብ መጻፍ በቂ ናቸው። መዝገቡ በተለይ ኦፕሬተር በሚለዋወጥባቸው የኪራይ መሣሪያዎች ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ያለፈውን መግቢያ ሌላው እንዲያውቀው ያደርጋልና።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ጉዳዩ ተጨባጭ የሥራ መስክ ነው። ከአሮጌ መሣሪያዎች የወጡ ውታፎችን የመሸርተት ጥንካሬ መለካት፣ የናፍጣንና የሰርጎ ገብ ዘይትን ውጤት በእኩል ጊዜ ማነጻጸር፣ የዋልካ አፈር መጠን በግራሶ ድድረት ላይ ያለውን ተጽዕኖ መመዘን በመጠነኛ ቤተ ሙከራ የሚከናወኑ ናቸው። በባሕር ዳር የሚገኘው የግብርና መካናይዜሽን ምርምር ማዕከልም ሆነ በወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ቅርብ ናቸው፤ ውጤቱም ወዲያውኑ በማሳ ላይ ሊሞከር ይችላል።